ምስል የሚጠፋው ሲመለስ ነው፦ ለሥነ ጥበብ ክፍል የምስል ውሰት መመሪያ

ሥዕል የሚያስተምር የዩኒቨርሲቲ ክፍል ሁሉ የሆነ ጥግ ላይ አንድ ቁም ሳጥን አያጣም። ውስጡ ስላይድ (ፍሬም ውስጥ የገባ፣ በፕሮጀክተር የሚታይ ትንሽ ፊልም)፣ የታተመ ፎቶ፣ አሮጌ ሲዲ፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ሃርድ ዲስክ አለ። መምህሩ ለክፍል ይፈልገዋል፤ ተማሪው ለመመረቂያ ጽሑፉ። ቁልፉን የያዘው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ሥራም ደርቦ የሚሠራ ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው ለዚያ ሰው ነው። የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ስለሆነ ብርዱና ጉሙም አብረው ይገቡበታል።

ብዙ ሰው የሚፈራው ሌባ ነው። ሌባ ግን በስላይድ ምን ያደርግበታል? ምስል በብዛት የሚጠፋው ሲመለስ ነው። ተዋሹ በቅንነት ራሱ ሳጥኑ ውስጥ ይከተዋል፣ ቦታውን ይስታል፣ አለቀ። ወይ ደግሞ መግለጫው የተጻፈበት ወረቀት ተልጦ ይወድቅና ምስሉ ብቻውን ይመጣል። የማን ሥራ እንደሆነና የት እንደተነሳ የማይታወቅ ስላይድ ደግሞ እጃችሁ ላይ ቢኖርም እንደሌለ ቁጠሩት። ደንብ ስታወጡ እያንዳንዱ ምስል ከነስሙ ወደ ቦታው እንዲመለስ አድርጋችሁ አውጡ። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

1. ቁጥር ያልተሰጠው ምስል አይውጣ

ውሰት ከመጀመራችሁ በፊት ያለውን ሁሉ ቁጠሩና ቁጥር ስጡት። አሰልቺ ነው፤ ግን ማምለጫ የለውም። ቁጥሩ ቀላል ይሁን። ከ1 ጀምሮ የሚቀጥል ተራ ቁጥር ይበቃል። በዘመን፣ በሠዓሊ፣ በአገር የተወሳሰበ ኮድ አውጥታችሁ ስትጨርሱ እናንተ ትዛወራላችሁ፤ የሚተካችሁ ሰው ደግሞ አይገባውም።

የተለመደው ስላይድ ፍሬም 5 በ5 ሴንቲ ሜትር ነው። ፊልሙ ራሱ 24 በ36 ሚሊ ሜትር ስለሚወስድ የሚጻፍበት ቦታ ጠባብ ነው። እዚያ ላይ ቁጥሩን፣ የሠዓሊውን ስም፣ የሥራውን ርእስ፣ ዘመኑን፣ ያለበትን ቦታ አስፍሩ። ሌላውን መዝገብ ላይ ጻፉት። እጅግ የተከበሩ የዓለም ሎሬት ሜትር አርቲስት አፈወርቅ ተክሌን ሙሉ ማዕረጋቸውን ጠብቄ እጽፋለሁ ያለ ሰው ርእሱን የሚጽፍበት ቦታ አያገኝም። ፍሬሙ ላይ «አፈወርቅ ተክሌ» ይበቃል፤ ማዕረጉ መዝገቡ ላይ ይከበርላቸው። የአንኮበር ልጅ ስለሆኑ በእኛ አካባቢ ሥራቸው በብዛት ይፈለጋል። የእሳቸውን መሳቢያ በደንብ አደራጁት።

መግለጫ ላይ ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንዱ የዘመን አቆጣጠር ነው። የአፍሪካ አዳራሽን ባለቀለም መስተዋት የሚያሳይ ስላይድ ላይ አንዱ «1953» ብሎ ይጽፋል። ትክክል ነው፤ አዳራሹ የተመረቀው በ1953 ዓ.ም. ነው። ሌላው መምህር ይህንኑ እንደ ፈረንጅ ዓመት አንብቦ ተማሪዎቹ ፊት «በ1953 እ.ኤ.አ.» ይላል። በዚያን ጊዜ ሕንፃው አልነበረም። ስለዚህ ከቁጥሩ አጠገብ ሁልጊዜ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ይጻፍ። ያልተጻፈበትን አጣሩ፤ ማጣራት ካልተቻለ የጥያቄ ምልክት አድርጉበት። በግምት አትሙሉት።

ሁለተኛው የቦታ ስም ነው። ይህ በተለይ እኛን ይመለከታል። ጣሪያው በመላእክት ፊት የተሞላው ታዋቂው ቤተ ክርስቲያን ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው፤ ያለው ግን ጎንደር ነው። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የመሠረቷት ደብረ ብርሃን ደግሞ የእኛዋ ናት። «ደብረ ብርሃን» ብቻ ተብሎ የተጻፈ ስላይድ የሰሜን ሸዋ መሳቢያ ውስጥ ቢገባ ማንን ትወቅሳላችሁ? «ጎንደር፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ» ብላችሁ ከተማውን አስቀድሙ።

2. ምስሎቹን በሦስት ክፈሏቸው

ሁሉም ምስል በአንድ ደንብ አይዋስም። የመጀመሪያው ክፍል ፈጽሞ የማይወጣ ነው፤ የመስታወት ስላይድ፣ አንድ ቅጂ ብቻ ያለው አሮጌ ፎቶ፣ ቀለሙ መሄድ የጀመረ ፊልም። ይህ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ይታያል። ሁለተኛው ለመምህራን ብቻ፣ ለማስተማሪያ የሚወጣ ዋና ስላይድ ነው። ሦስተኛው ለሁሉም የሚሰጥ ነው፤ ማለትም ስካን የተደረገው ሶፍት ኮፒና ተደጋጋሚ ቅጂ ያለው የታተመ ፎቶ።

ፍሬሙ ላይ በቀለም ምልክት ለዩዋቸው። ቀይ አይወጣም፣ ቢጫ ለመምህር፣ አረንጓዴ ለሁሉም። የቀለሙን ትርጉም በሩ ላይ ለጥፉት።

ተማሪ ዋናውን ስላይድ ለአዳር አይወስድም የምለው አንዳንዱን ያስቀይማል። «ጋሼ፣ ነገ ጠዋት በሩ ሳይከፈት እመልሳለሁ» የሚል ሁልጊዜ ይኖራል። ልጁ እውነቱን ነው፤ ሊመልስ አስቧል። ግን የተማሪ መኝታ ክፍል ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ እናውቃለን። ሶፍት ኮፒውን ስጡት። ለጽሑፉ የሚያስፈልገው እሱ ነው፤ ስላይዱን የሚያይበት ፕሮጀክተር እንኳ የለውም።

ከግቢ ውጭ ለሚመጣ ጠያቂ፣ ለጋዜጠኛም ሆነ ለአስጎብኚ፣ በክፍሉ ኃላፊ በተፈረመ ደብዳቤ ብቻ ስጡ።

3. ስንት ምስል፣ ለስንት ቀን

ዋና ስላይድ በወጣበት ቀን ይመለስ። ጠዋት ሦስት ሰዓት የወጣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ገብቶ ይደር። መምህሩ በሳምንት ሦስት ቀን ተመሳሳይ ምስሎችን የሚያሳይ ከሆነ በትሬ (ስላይዶቹ ተደርድረው ፕሮጀክተሩ ላይ በሚገጠሙበት መያዣ) ሙሉ ለአንድ ሳምንት ስጡት። የተለመደው ክብ ትሬ 80 ስላይድ ይይዛል፤ ከአንድ ትሬ በላይ ግን ለማንም አይሰጥ።

በስልክ ማራዘም የሚባል ነገር አይኑር። «አንድ ሳምንት ጨምርልኝ» የሚል መምህር ትሬውን ይዞ ይምጣ፣ ይታይ፣ እንደገና ይፈረምበት። ይህ ጥብቅነት የሚያበሳጨው መጀመሪያ ላይ ብቻ ነው።

4. ባዶው ቦታ ይናገር

ይህ የመመሪያው ልብ ነው፤ ወጪውም አንድ እሽግ ካርቶን ወረቀት ነው።

ካርቶኑን በስላይዱ ልክ፣ ግን ወደ ላይ ሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርጋችሁ ቁረጡት። ስላይድ ቁጥር 412 ሲወጣ በባዶው ቦታ ካርዱ ይገባል። ካርዱ ላይ ቁጥሩ፣ የተዋሹ ስም፣ የወጣበት ቀን፣ የሚመለስበት ቀን ይጻፋል። መሳቢያውን የከፈተ ሰው ሁሉ ከፍ ብሎ የሚታየውን ካርድ አይቶ ምስሉ ማን ጋ እንዳለ ወዲያው ያውቃል። መዝገብ ማገላበጥ የለም። ሲመለስም ስላይዱ የት እንደሚገባ ካርዱ ያሳያል። በእርሳስ ጻፉ፤ ካርዱ ደጋግሞ ያገለግላል።

ከካርዱ ሌላ አንድ መዝገብ ያስፈልጋል። ኮምፒውተር ላይ ብቻ የተያዘ መዝገብ መብራት በጠፋ ቁጥር ሥራ ያቆማል። ስለዚህ የወረቀት መዝገብ ይኑር፤ ወደ ኤክሴል በሳምንት አንዴ ይገለበጥ። ለእያንዳንዱ ምስል አንድ መስመር፣ አንድ ፊርማ። «20 ስላይዶች ወስጃለሁ» የሚል ፊርማ ዋጋ የለውም። የትኞቹን 20?

የንብረት ክፍል ሰዎች «ለምን በሞዴል 22 (ንብረት ሲወጣ በሚፈረምበት ቅጽ) አታወጡም?» ሊሏችሁ ይችላሉ። ፕሮጀክተሩ፣ ስካነሩ፣ ቁም ሳጥኑ በሞዴል ይያዝ፤ ልክ ነው። ለእያንዳንዱ ስላይድ ግን ሞዴል እየቆረጡ ማስተማር አይቻልም። የምስሉን ስብስብ በጅምላ በአንድ ሰው ስም አስመዝግቡ፤ የዕለት ውሰቱ በክፍሉ የራሱ መዝገብ ይመራ። ይህንም በደብዳቤ አጽፉት፤ የቃል ስምምነት ኃላፊ ሲቀየር ይረሳል።

5. በብርድ አገር ስላይድ አያያዝ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎት ታገኙታላችሁ። ማሞቂያ የሌለው ዕቃ ቤት ውስጥ ያደረ ስላይድ ሰው ወደሞላበት ሞቃት ክፍል ሲገባ ላዩ ላይ ጤዛ ይቋጥራል። ተዋሹ ያንን በሶፍት ወይም በሸሚዙ ጠርዝ ይጠርገዋል። ፊልሙ ይጫራል፣ ጭረቱም አይጠፋም። ደንቡ እንዲህ ይበል፦ ሳጥኑ ክፍል ውስጥ ከገባ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳይከፈት ይቆይ። ጤዛ ከታየም አይነካ፤ በራሱ ይድረቅ።

ምስል ይዞ ለመስክ ትምህርት የሚወጣም አለ። ከጣርማ በር ጉም ተነስቶ፣ በደብረ ሲና በኩል ቁልቁል ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ከከፍታው ግማሽ በላይ ጥሏል፤ ሙቀቱ ሌላ ዓለም ነው። ስላይዱን በጥብቅ የሚዘጋ ፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ አድርጉለት። መኪናው ዳሽቦርድ ላይ ፀሐይ እንዳያገኘውም አስጠንቅቁት። ከተቻለ ግን ለጉዞ ስላይድ አትስጡ። ላፕቶፕ ይበቃል።

ክረምት ላይ ጠላቱ ሻጋታ ነው። የአየሩ እርጥበት ለብዙ ቀን ከ60 በመቶ በላይ ሲቆይ ፊልሙ ላይ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ይበቅላል። ሳጥኑን ከግድግዳ አርቁት፤ ወለል ላይ አታስቀምጡት። ከጫማና ከካሜራ ካርቶን ውስጥ የሚገኙትን የሲሊካ ጄል ከረጢቶች ሰብስባችሁ መሳቢያው ውስጥ ጣሉ። እርጥበት ሲጠጡ አድርቃችሁ መልሷቸው።

6. ፕሮጀክተሩን አብሮ የሚዋስ ሰው የሚነገረው

ኮዳክ የስላይድ ፕሮጀክተር መሥራት ያቆመው በ2004 እ.ኤ.አ. ነው። ያለው ሁሉ አሮጌ ነው ማለት ነው። ከአሜሪካ በስጦታ የመጣ ከሆነ ጀርባውን ተመልከቱ፤ 110 ወይም 120 ቮልት የሚል ከሆነ ያለ ትራንስፎርመር እኛ ሶኬት ላይ ከተሰካ ያ የመጨረሻው ቀኑ ነው። ትራንስፎርመሩን ከፕሮጀክተሩ ጋር በገመድ እሰሩት። ተለያይተው እንዳይዋሱ።

አንድ ስላይድ መብራት ላይ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይቁም። መምህሩ ወሬ ከጀመረ ወደ ባዶ ቀዳዳ ያሳልፈው። ኮዳክሮም የሚባለው ፊልም ጨለማ ውስጥ ለብዙ አሥርት ዓመታት ቀለሙን ይጠብቃል፤ የፕሮጀክተር ብርሃን ግን በፍጥነት ያደበዝዘዋል። እሱን የሚያጥብ ላቦራቶሪ ከ2010 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ የለም። ስለዚህ ኮዳክሮሞቻችሁን ስካን አድርጓቸውና ቀይ ምልክት ለጥፉባቸው።

አምፖሉ ሲጠፋ ማራገቢያው ትንሽ እንዲሠራ ይተው። መብራት በድንገት ከሄደ ደግሞ ገመዱን ነቅሎ፣ እስኪቀዘቅዝ ሳይነካ መጠበቅ ነው። ሶኬቱ ላይ እንደተሰካ ከቆየ መብራቱ ሲመለስ በኃይል ሊመታው ይችላል።

አገባቡን በነጥብ አስተምሩ። ስላይዱን በዓይናችሁ በትክክለኛ አቅጣጫው ያዙት፤ ፍሬሙ ላይ ታች በግራ ጥግ ነጥብ አድርጉ። ትሬ ውስጥ የሚገባው ተገልብጦ ነው፤ ከፕሮጀክተሩ ኋላ ቆማችሁ ስታዩት ነጥቡ ከላይ በቀኝ በኩል ይሆናል። ሰማንያውም ነጥቦች በአንድ መስመር ከተደረደሩ ሁሉም ልክ ናቸው። ሰልፉን ያፈረሰውን ወዲያው ታዩታላችሁ። ቤተ ክርስቲያን ተዘቅዝቆ ተማሪው ሁሉ ከመሳቁ በፊት ማለት ነው።

7. ሲመለስ፦ ተዋሹ መሳቢያ አይንካ

አንድ ሣጥን አዘጋጁ፤ «የተመለሰ» ብላችሁ ጻፉበት። የመጣው ሁሉ እዚያ ይገባል። መምህርም ይሁን ዲን፣ ማንም ራሱ ወደ መሳቢያ አይመልስ። ይህን ማለት ይከብዳል፤ በተለይ አንጋፋ መምህር ሲሆኑ። «መምህር፣ ይተዉልኝ፣ እኔ አስገባዋለሁ» በሏቸው። እንደ አክብሮት ይወስዱታል፤ እናንተም ቦታው እንዳይሳሳት አደረጋችሁ።

ከዚያ ተዋሹ እያለ አንድ በአንድ እዩ። ከኋላው ብርሃን ያለበት ነጭ ገጽ ያስፈልጋል። የብርሃን ጠረጴዛ ከሌላችሁ ነጭ የሆነ የላፕቶፕ ስክሪን ይሠራል። ቁጥሩ ከመዝገቡ ጋር ይገጥማል? ወረቀቱ ተልጧል? የጣት አሻራ አለ? ፍሬሙ ተሰንጥቋል? መስታወት ካለው ውስጡ ደህና ነው? ለ20 ስላይድ ጥቂት ደቂቃ ቢወስድ ነው። ተዋሹ «እቸኩላለሁ» ካለ ሣጥኑ ውስጥ አድርጎ ይሂድ፤ ፊርማው ግን ሳይሰረዝ ይቆይ።

ካርዱን ነቅላችሁ ስላይዱን በቦታው አስገቡ፣ መዝገቡ ላይ ፊርማውን ሰርዙ። ይህ በዕለቱ ያልቅ። «የተመለሰ» የሚለው ሣጥን ለሳምንት ከተጠራቀመ ሁለተኛ ቁም ሳጥን ሆነ ማለት ነው፤ እሱ ደግሞ ቁጥር የለውም።

8. ሶፍት ኮፒ ሲሰጥ

ስላይድ በ4,000 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 4,000 ነጥብ) ስካን ሲደረግ ወደ 5,600 በ3,700 ፒክሰል ይመጣል። በቲፍ (ምስሉ ጥራቱ ሳይቀንስ በሚቀመጥበት የፋይል ዓይነት) ሲቀመጥ አንዱ ብቻ 60 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። ይህ ዋናው ፋይል ነው፤ አይሰጥም። ለተዋሽ የሚሰጠው አነስ ያለ ጄፔግ ነው።

የፋይሉ ስም በስላይዱ ቁጥር ይጀምር፤ «0412 አፈወርቅ ተክሌ አፍሪካ አዳራሽ» ዓይነት። ችግሩ ቴሌግራም ላይ ነው። ምስሉን እንደ ፎቶ ከላካችሁት ይጨምቀዋል፣ የፋይሉንም ስም ይጥለዋል። ተማሪው የሚያወርደው ቀንና ሰዓት የተለጠፈበት ስም የለሽ ፎቶ ነው። መግለጫው ተልጦ የመጣው ስላይድ በሌላ መልክ መጣ። ስለዚህ «እንደ ፋይል ላክ» የሚለውን ተጠቀሙ፣ መግለጫውንም እታች ጻፉ። ብዙ ከሆነ ከዝርዝሩ ጋር በአንድ ፎልደር በፍላሽ ስጡ።

የተማሪ ፍላሽ ግን ዋናው ፋይል ያለበት ኮምፒውተር ላይ አይሰካ። ቫይረሱ የት የት ዞሮ እንደመጣ ማን ያውቃል? አንድ የክፍሉ ፍላሽ ይኑር፤ ከዚያ በሌላ ኮምፒውተር ይገልብጡ። የዋናው ፋይል ሁለተኛ ቅጂም በሌላ ሕንፃ ይቀመጥ። ቁም ሳጥኑ ሲሰረቅ ወይም ሲቃጠል አብሮ የሚሄድ ቅጂ ምን ይረባል?

9. የመብት ነገር

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሠዓሊው በሕይወት እያለና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት መብቱን ይጠብቃል። ለፎቶግራፍ ደግሞ ከተነሳበት ጀምሮ 25 ዓመት ነው። አፈወርቅ ተክሌ ያረፉት ሚያዝያ 2004 ዓ.ም. ስለሆነ ሥራዎቻቸው ገና ለረጅም ጊዜ የተጠበቁ ናቸው። ሥዕሉን ያነሳው ፎቶግራፍ አንሺ መብት ቢያበቃ እንኳ የሠዓሊው አላበቃም። አዋጁ የታተመ ሥራን ለማስተማሪያ በልኩ መቅዳትን ይፈቅዳል፤ ምንጩና የሠዓሊው ስም ግን ይጠቀስ። ቲሸርት ላይ ላትም፣ ለካላንደር ልጠቀም የሚል ከመጣ ፈቃዱን ከባለመብቱ ያምጣ። የእናንተ ፊርማ ያንን አይተካም።

የቤተ ክርስቲያን ምስሎች ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ከመንዝ፣ ከአንኮበር፣ ከደብረ ሊባኖስ የተነሱ ሥዕሎችና መስቀሎች ሲመዘገቡ ማን እንደፈቀደና በምን ውል እንደፈቀደ አብሮ ይጻፍ። የደብሩ አስተዳዳሪ «ለትምህርት ብቻ» ብለው ፈቅደው ከሆነ ያ ቃል ምስሉ ላይ ይለጠፍ። ቅርሱ በየትኛው ዕቃ ቤት እንደሚቀመጥ የሚናገረውን መረጃ ግን ለተዋሽ ከሚሰጠው ቅጂ አውጡት። የቅርስ ሌባም ቴሌግራም ይጠቀማል።

10. ያልመለሰ፣ ያበላሸ

የገንዘብ ቅጣት አልመክርም። የጠፋ ስላይድ ዋጋው ስንት ነው? ግምቱ ያጨቃጭቃል፣ ገንዘቡም ወደ ክፍሉ አይመጣም። የሚሠራው ክሊራንስ ነው። ክፍሉ የክሊራንስ ወረቀት ላይ የራሱ ፊርማ ቦታ እንዲኖረው ጠይቁ። ተመራቂው ዲግሪውን ለመውሰድ፣ የሚዛወረው መምህር መሸኛውን ለማግኘት እናንተ ጋ ይመጣል። ለትምህርት ወደ ውጭ የሚሄዱትን በተለይ ቀድማችሁ ያዙ፤ አንዴ ቦሌ ከደረሱ አለቀ።

የተበላሸን ስላይድ ተዋሹ ራሱ ለመጠገን እንዳይሞክር ንገሩት። ፕላስተር አይለጠፍበት፣ በምራቅ አይጠረግ። አዎ፣ ይህም ይደረጋል።

11. የክረምት ቆጠራ

ሐምሌ ላይ ለሁለት ሳምንት ውሰት ዝጉ። ከመዝጋታችሁ በፊት የወጣው ሁሉ ይመለስ። ከዚያ መሳቢያ በመሳቢያ፣ ቁጥር በቁጥር ሂዱ። ካርድም ስላይድም የሌለበት ባዶ ቦታ ካገኛችሁ መጀመሪያ የግራና የቀኝ ጎረቤቶቹን፣ ቀጥሎ ተመሳሳይ ርእስ ያለበትን መሳቢያ ፈልጉ። ብዙው እዚያ ይገኛል።

ያልተገኙትን ቁጥሮች ከነርእሳቸው ጽፋችሁ በሩ ላይ ለጥፉ። የማንንም ስም አትጻፉ። መስከረም ላይ አንዳንዱ በፖስታ ተጠቅልሎ በበሩ ሥር ገብቶ ታገኙታላችሁ። ማን አመጣው ብላችሁ አታጣሩ። ፈትሹት፣ ቦታው አስገቡት፣ ከዝርዝሩ ሰርዙት።